ኤሌክትሮኒክ ፒፔት በድሬዳዋ ሙቀት፦ የ14 ወር የአጠቃቀም ልምድ

ይህን ኤሌክትሮኒክ ፒፔት፣ ማለትም ጥቂት ፈሳሽ በሞተር ለክቶ የሚስብና የሚያወርድ የላቦራቶሪ መሣሪያ፣ የገዛሁት አውራ ጣቴን ለማትረፍ ብዬ ነው። ድሬዳዋ፣ ከዚራ አካባቢ ባለችው አነስተኛ የሕክምና ላቦራቶሪዬ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ኤሊሳ የተባለውን፣ በናሙና ውስጥ የበሽታ ምልክት መኖሩን በቀለም ለውጥ የሚያሳይ ምርመራ እንሠራለን። ምርመራው የሚሠራበት አንድ የኤሊሳ ፕሌት (የፕላስቲክ ሳህን) 96 ጉድጓዶች አሉት፤ በእያንዳንዱ ጉድጓድ የተበረዘው ናሙና፣ ኢንዛይም የተያያዘበት ኮንጁጌት፣ ቀለም የሚያወጣው ሰብስትሬትና ማቆሚያው አሲድ በየተራ ስለሚጨመሩ፣ ፕሌቱ ለንባብ እስኪደርስ ድረስ አውራ ጣት 384 ጊዜ ፈሳሽ ማውረድ አለበት። በተለመደው መካኒካል ፒፔት ደግሞ እያንዳንዱ ማውረድ ሁለት ግፊት ይጠይቃል፤ አንደኛው ፈሳሹን ያወርዳል፣ ሁለተኛውና ከበድ የሚለው በቲፑ (በፒፔቱ አፍ ላይ በሚሰካው የፕላስቲክ ቀሰም) ጫፍ የቀረችውን ጠብታ ያራግፋል። ከ12 ዓመት ሥራ በኋላ በቀኝ አውራ ጣቴ ሥር ያለው ጅማት ማታ ማታ እንጀራ ለመቁረስ እንኳ እስኪያስቸግረኝ ድረስ ሲታመም፣ ከመካኒካሉ ዋጋ ሦስት እጥፍ በላይ ከፍዬ ይህን ዕቃ ወሰድሁ።

ድሬዳዋ እንዲህ ላለው ምርመራ እንግዳ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ2013 የዴንጊ፣ በ2019 የቺኩንጉንያ ወረርሽኝ አይታለች፤ በ2022 ደግሞ ከተማ ውስጥ በውኃ ማጠራቀሚያዎች የሚራባው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለው ትንኝ ያመጣው የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶባታል። ትኩሳት በሚበዛበት ወቅት በቀን ሁለት ፕሌት የምንሠራበት ጊዜ አለ፤ ያን ጊዜ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የተሞላው የመጀመሪያው ጉድጓድና ከቀትር በኋላ 10 ሰዓት ላይ የተሞላው የመጨረሻው ጉድጓድ እኩል መጠን መያዝ አለመያዛቸው የታማሚውን ውጤት የሚነካ ጉዳይ ይሆናል።

የአምራቹን ስም ሆን ብዬ አልጠቅስም። በእጄ ያለው አንድ ፒፔት ብቻ ስለሆነ በአንድ ዕቃ ድርጅቱን መዳኘት ተገቢ አይመስለኝም፤ ከዚህ በታች ከማነሣቸው ጉዳዮች ብዙዎቹም የአንድ አምራች ስሕተት ሳይሆኑ፣ በእጅ የሚያዝ ኤሌክትሮኒክ ፒፔት የሚነድፍ ሰው ሁሉ ሊመልሳቸው የሚገቡ ጥያቄዎች ናቸው። ፒፔቱ ባለ አንድ ቻናል ነው፣ በአንድ ጊዜ አንድ ቲፕ ብቻ ይይዛል፤ ከ50 እስከ 1000 ማይክሮሊትር (የሚሊሊትር አንድ ሺህኛ) ይለካል፤ ከነባትሪው በራሴ ሚዛን ላይ 168 ግራም ይመዝናል፤ ይህም ቀድሞ ከምጠቀምበት መካኒካል ፒፔት እጥፍ ያህል ነው።

አሠራሩ ከሥሩ ካልታየ ግን ጥቅሙም ጉድለቱም በወጉ አይገባም። ዛሬ በየላቦራቶሪው የምናየው ባለ ፒስተን ፒፔት መነሻው ጀርመን አገር፣ ማርቡርግ ከተማ ነው። ሃይንሪሽ ሽኒትገር የተባለ ተመራማሪ በስፕሪንግ የሚመለስ ፒስተንን፣ በፒስተኑና በፈሳሹ መካከል የሚቆየውን አየርና ተነቃዩን የፕላስቲክ ቲፕ አንድ ላይ አዋሕዶ እ.ኤ.አ. በ1957 የፈጠራ መብት ማመልከቻ አስገባ፤ ኤፐንዶርፍ የተባለው ኩባንያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1961 ለገበያ ማምረት ጀመረ። በዚህ አሠራር ፈሳሹን የሚስበው ስፕሪንጉ ነው፤ የአሳሳቡን ፍጥነት የሚወስነው ግን ስፕሪንጉን የሚለቀው አውራ ጣት ነው። ጣት ሲደክም ቶሎ ይለቃል፤ ቶሎ ሲለቀቅ ፈሳሹ ወደ ላይ ተፈናጥሮ ይገባል፣ አየርም አብሮ ሊስብ ይችላል፣ መጠኑም ይዛነፋል። ኤሌክትሮኒኩ ስፕሪንጉን አውጥቶ በምትኩ በጥቃቅን እርምጃ የሚዞር ሞተር አስገብቷል። ሞተሩ ጥርስ የወጣለትን ዘንግ ያዞራል፣ ዘንጉ ፒስተኑን ወደ ላይና ወደ ታች ይነዳል፤ ፒስተኑ የት እንደደረሰ የሚታወቀውም ሞተሩ ስንት እርምጃ እንደዞረ በመቁጠር ነው። ለአውራ ጣት የቀረለት ሥራ «አሁን» ብሎ ማዘዝ ብቻ ነው።

የዚህ ለውጥ ፍሬ ምን እንደሆነ ለማየት በመጀመሪያው ወር ቀለል ያለ ሙከራ አደረግሁ። እኔ፣ ስድስት ዓመት የሠራች ባልደረባዬና በቅርቡ የተመረቀ ወጣት፣ ሦስታችን በየተራ 1000 ማይክሮሊትር የተጣራ ውኃ አሥር አሥር ጊዜ ሚዛን ላይ ለካን፤ መጀመሪያ በመካኒካሉ፣ ቀጥሎም በኤሌክትሮኒኩ። በመካኒካሉ የሦስታችን አማካይ ውጤት ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው የ9 ማይክሮሊትር ልዩነት ነበረው፤ በኤሌክትሮኒኩ ልዩነቱ ከ2 አልዘለለም። ያንኑ ሙከራ ከቀትር በኋላ፣ አንድ ሙሉ ፕሌት ከሠራን በኋላ ስንደግመው በመካኒካሉ የእኔ አማካይ በ4 ማይክሮሊትር ወርዶ ተገኘ፤ በኤሌክትሮኒኩ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልነበረም። ጠዋት በመካኒካሉ የለካሁት የራሴ ውጤት ግን ከኤሌክትሮኒኩ በምንም አላነሰም። ስለዚህ «ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ በትክክል ይለካል» የሚለውን የሻጮች አነጋገር አልቀበለውም። ልምድ ያለው፣ ያልደከመ እጅ ዛሬም ከሞተሩ እኩል ነው። ሞተሩ የሚሰጠን ነገር ሌላ ነው፤ የጀማሪውን እጅ ከባለልምዱ፣ የማታውን እጅ ከጠዋቱ ጋር ያስተካክላል፤ በእኔ ግምት ለገንዘቡ ተመጣጣኝ የሆነው ጥቅም ይህ ብቻውን ነው።

ከዚህ ቀጥሎ በየቀኑ የምጠቀምበት አንድ ጊዜ ስቦ ደጋግሞ የማደል ተግባሩ ነው። ፒፔቱ 1000 ማይክሮሊትር ይስብና በእያንዳንዱ ንክኪ 100 ማይክሮሊትር ያወርዳል። አሥር እድሎች (ድርሻዎች) ይገኛሉ ማለት ነው፤ እኛ ግን የምንጠቀመው በመካከል ያሉትን ስምንቱን ብቻ ነው። የመጀመሪያዋ እድል ወደ ሪኤጀንቱ (የምርመራው ፈሳሽ) ሳህን ትመለሳለች፣ የመጨረሻዋም ቲፑ ውስጥ ቀርታ ትጣላለች። ይህ ለጀማሪ ብክነት ሊመስለው ይችላል፤ ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው። ፒስተኑ ከመሳብ ወደ መግፋት ሲዞር በዘንጉ ጥርሶች መካከል ያለችው ጥቂት ክፍተት እስክትሞላ ድረስ ሞተሩ ቢዞርም ፒስተኑ ወዲያው አይንቀሳቀስም፤ የዚህች ክፍተት ዕዳ በመጀመሪያዋ እድል ላይ ይወድቃል። የመጨረሻዋ ደግሞ በቲፑ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የቀረው ሁሉ የሚጎድልባት ናት። የቀሩት ስምንት እድሎች ከፕሌቱ አንድ ዓምድ፣ ማለትም ከላይ እስከ ታች ካሉት ስምንት ጉድጓዶች ጋር በትክክል ይገጥማሉ፤ አሥራ ሁለት ጊዜ ሲሳብ ፕሌቱ ይሞላል። ይህን አገጣጠም ያሰበው ነዳፊ ከኤሊሳ ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው መሆን አለበት።

ጥቅሙ በተለይ የሚታየው ሰብስትሬት ሲጨመር ነው። ሰብስትሬቱ ጉድጓዱን ከነካበት ቅጽበት ጀምሮ ቀለም ማውጣት ስለሚጀምር፣ የመጀመሪያው ጉድጓድ ከመጨረሻው የሚቀድምበት ጊዜ ማቆሚያው አሲድ ሲጨመርም ያው መሆን አለበት። በመካኒካሉ መጀመሪያ ላይ ፈጥኜ፣ መጨረሻ ላይ ተጎትቼ እሠራ ነበር። አሁን ሰብስትሬቱም አሲዱም በአንድ ምት፣ በአንድ ፍጥነት ይወርዳሉ፤ ድምፁን እየሰማሁ ዓይኔን ከጉድጓዱ ሳላነሣ ከዓምድ ወደ ዓምድ አልፋለሁ። ጥንድ ጥንድ አድርገን የምንሠራቸው መቆጣጠሪያ ናሙናዎች ቀድሞ እርስ በርሳቸው እስከ 10 በመቶ ይለያዩ የነበሩት አሁን ብዙውን ጊዜ ከ5 በመቶ በታች የሚለያዩበት ዋናው ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

ወደ ትልቁ ቅሬታዬ ልምጣ። በሦስተኛው ወር፣ አንድ ጠዋት፣ ወጣቱ ባልደረባችን የሴረም (ከደም ተለይቶ የሚወጣ ፈሳሽ) ናሙናዎችን እየበረዘ ነበር። አሠራሩ 10 ማይክሮሊትር ሴረም በቱቦ ውስጥ ማድረግ፣ ከዚያ 1000 ማይክሮሊትር ማበረዣ ጨምሮ ማዋሐድ ነው። አርባ ያህል ቱቦ ከሠራ በኋላ መደርደሪያውን አንሥቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን ሲያዞር የፈሳሹ ከፍታ ከቱቦ ቱቦ ተለያይቶ አየነው፤ አንዳንዱ ጣት ሩብ ያህል ጎድሏል። ቀጥሎ ያለውን ቱቦ ፊቴ እንዲሠራ ጠየቅሁት። ቲፑን ፈሳሹ ውስጥ ነክሮ ቁልፉን ነካ አድርጎ ለቀቀው፤ ማበረዣው ወረደ፣ ፒፔቱ ጢጥ አለ፣ ከዚያም በዓይናችን ፊት ፈሳሹ ወደ ቲፑ ተመልሶ ወጣ። «አቦ ጋሼ፣ እኔ ሳላዘው ራሱ መልሶ ጠጣው እኮ!» አለ።

የሆነው ይህ ነው፦ ፒስተኑ የመጨረሻዋን ጠብታ አራግፎ ለማስወጣት ከመነሻ ቦታው ዝቅ ብሎ ይወርዳል፤ ለቀጣዩ ሥራ ለመዘጋጀት ደግሞ ወደ መነሻው ተመልሶ መውጣት አለበት። የእኔ ፒፔት ቁልፉ ተጭኖ እስከተያዘ ድረስ ፒስተኑን ታች ያቆየዋል፤ ቁልፉ ሲለቀቅ ግን ያለ ሌላ ትእዛዝ ያወጣዋል። ቲፑ በዚያ ቅጽበት ፈሳሹ ውስጥ ከሆነ መልሶ ይስባል። በመካኒካል ፒፔት ይህ ስሕተት የሚያጋጥመው እምብዛም ነው፤ ምክንያቱም አውራ ጣት ስፕሪንጉን ተጭኖ ስለሚይዝ ፒስተኑ ታች መሆኑን እጅ ራሱ ያውቃል። በኤሌክትሮኒኩ ግን እጅ ምንም አይሰማውም፤ ቁልፉ ለስላሳ ነው፣ ሞተሩ የሚሠራውን ከእጅ ደብቆ ይሠራል። ይባስ ብሎ ያ ቲፕ የነካውን ሴረም ይዞ ወደሚቀጥለው ቱቦ ስለሚሄድ ጉዳዩ የመጠን ብቻ ሳይሆን የናሙና መቀላቀልም ነበር። አርባውንም ቱቦ ጥለን እንደገና ጀመርን። የአብዛኛው ሰው ሴረም በቂ ነበር፤ የአንድ ሕፃን ግን ስላለቀ እናቱን ከመልካ ጀብዱ ለሁለተኛ ጊዜ ጠርተን ልጁን እንደገና ደም ለመውሰድ ተገደድን። ያችን እናት ይቅርታ ስጠይቅ ያፈርሁትን ያህል በዚህ ሥራ አፍሬ አላውቅም።

ለዚህ መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም። ፒስተኑ ወደ መነሻው እንዲመለስ ሁለተኛ ንክኪ የሚጠብቅ ምርጫ በሜኑው ውስጥ ቢኖር ይበቃ ነበር፤ ፈልጌ አላገኘሁትም። አንድ መሣሪያ ከእጅ ሥራውን ሲቀበል እጅ የነበረውን ስሜትም በሌላ መንገድ መመለስ አለበት ብዬ አምናለሁ፤ ፒስተኑ ታች ሳለ ቀጭን ንዝረት፣ ሊወጣ ሲል የተለየ ድምፅ ሊሆን ይችላል። አሁን እኛ የምንሠራው ቲፑን ከቱቦው ግድግዳ ጋር ከፈሳሹ በላይ አስነክተን በማውረድ፣ ቁልፉን እንደያዝን ቲፑን ከቱቦው ሙሉ በሙሉ አውጥተን ከዚያ በመልቀቅ ነው። አዲስ ሰው ሲመጣ ማበረዣ በተሞላ ቱቦ ላይ ስሕተቱን ሆን ብዬ ሠርቼ አሳየዋለሁ።

ስለ ሙቀቱ ደግሞ ረዘም አድርጌ መጻፍ አለብኝ፤ እነዚህ መሣሪያዎች የሚነደፉትም የሚፈተሹትም 20 ዲግሪ አካባቢ በሚጠበቅ ክፍል ነውና። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት 35 ዲግሪ ይደርሳል፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ የማቀዝቀዣው አየር አብሮ ይጠፋል። ፒፔቱን እዚሁ ሳልመዝነው የፋብሪካውን የምስክር ወረቀት ማመን ስላልፈለግሁ ክፍሉ 30 ዲግሪ በሆነበት ቀን አሥር ጊዜ መዘንሁት። የ1000 ማይክሮሊትሩ አማካይ ክብደት 990.6 ሚሊግራም ሆነ። ውኃ ሲሞቅ ስለሚቀልልና አየሩም ክብደቱን በጥቂቱ ስለሚቀንስ፣ በዚህ ሙቀት ክብደቱን ወደ መጠን ለመቀየር በ1.0053 ያህል ማባዛት ያስፈልጋል፤ ውጤቱም 995.9 ማይክሮሊትር ይሆናል። ይህን ማባዣ ረስቶ ሚሊግራሙን እንዳለ ማይክሮሊትር አድርጎ የሚያነብ ሰው ደህናውን ፒፔት ተበላሽቷል ብሎ ሊጥል ይችላል። ሚዛን ላይ ያለው ዕቃ ክዳን ከሌለው ደግሞ በእኛ ደረቅ አየር ውኃው እየተነነ ቁጥሩ ሲወርድ በዓይን ይታያል፤ ስለዚህ ክዳን ያላት ጠባብ አፍ ጠርሙስ መጠቀም ግዴታ ነው።

ፒስተን ላላቸው ፒፔቶች የወጣው አይኤስኦ 8655 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣው እትሙ፣ ለ1000 ማይክሮሊትር ፒፔት እስከ 8 ማይክሮሊትር መዛነፍን ይፈቅድ ነበር፤ ስለዚህ 995.9 ያልፋል። እዚህ ላይ ግን ተጠቃሚዎች ልብ እንዲሉት የምፈልገው ነገር አለ። ያ የ8 ማይክሮሊትር ወሰን ፒፔቱ በሚለካው መጠን ሁሉ ላይ ያው ነበር፤ ማለትም ይኸው ፒፔት 100 ማይክሮሊትር እንዲለካ ሲታዘዝም በ8 ቢሳሳት ደረጃውን አሟልቷል ይባል ነበር፤ ይህ 8 በመቶ ነው። የእኔ በ100 ማይክሮሊትር 98.6 ሰጠኝ፤ በደረጃው በሰፊው ያልፋል፣ ለኤሊሳ ግን አልወደድሁትም። እዚህ ላይ የኤሌክትሮኒኩ ብልጫ ጎልቶ ወጣ። በመካኒካሉ ማስተካከያውን በመፍቻ እያጠበቁና እያላሉ መሞከር ያስፈልጋል፤ በዚህኛው ግን ሜኑ ውስጥ ገብቶ ለትልቁም ለትንሹም መጠን ትክክለኛውን ውጤት በቁጥር መጻፍ ይበቃል፣ ሞተሩ የሚዞረውን እርምጃ ራሱ ያስተካክላል። ከማስተካከያው በኋላ 999.6 እና 99.8 ደረስሁ። በየሦስት ወሩ እደግመዋለሁ።

አንድ ጊዜ ለሥራ ሐረር ስወጣ ፒፔቱን ይዤ ሄድሁና በአንድ ወዳጄ ላቦራቶሪ እንደገና መዘንሁት። ሐረር ከድሬዳዋ ወደ 700 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ አየሩ ሲሳሳ በፒስተኑና በፈሳሹ መካከል ያለው አየር በተንጠለጠለው ፈሳሽ ክብደት ይበልጥ ስለሚለጠጥ ፒፔቱ በጥቂቱ ማጉደል አለበት። ያገኘሁት ልዩነት 1 ማይክሮሊትር ገደማ ነበር፤ ወደሚጠበቀው አቅጣጫ ነው፣ ነገር ግን በአሥር ምዘና ብቻ እርግጠኛ ሆኖ ለመናገር የሚያስችል አይደለም። ስለዚህ በእኛ አገር ከፍታ ዋናው ጠላት የአየሩ መሳሳት ሳይሆን ሙቀቱ ነው እላለሁ። ከማቀዝቀዣ 4 ዲግሪ ላይ ወጥቶ ወዲያው 30 ዲግሪ በሆነ ፒፔት የሚሳብ ፈሳሽ በቲፑ ውስጥ ያለውን አየር ቀዝቅዞ እንዲኮማተር ስለሚያደርገው ከታዘዘው በላይ ይገባል። ሪኤጀንቱን ግማሽ ሰዓት ማሳረፍ፣ ቲፑንም አንድ ሁለት ጊዜ በፈሳሹ ማርጠብ ያስፈልጋል። የምርመራ ኪቶቹ መመሪያ «በክፍል ሙቀት» ሲል ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ማለቱ ስለሆነ ሥራ ካልበዛ በቀር ሥራችንን ጠዋት ጀምረን ከቀትሩ በፊት እንጨርሳለን፤ ከተማውም ቢሆን በዚያ ሰዓት ያርፋል።

ባትሪውና ቻርጀሩ ያሳዘኑኝ ክፍሎች ናቸው። ባትሪ ስላለው መብራት ሲጠፋ ሥራ አይቆምም፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን በሰባተኛው ወር መብራት ጠፍቶ ሲመለስ አብሮት የመጣው ከፍተኛ ኃይል አዳፕተሩን አቃጠለው። አዳፕተሩ የራሱ የሆነ ለየት ያለ ሶኬት ስላለው ምትኩን ለማግኘት ስድስት ሳምንት ፈጀብኝ። እንደ ስልክ ቻርጀር የተለመደ ሶኬት ቢኖረው ኖሮ በዚያው ቀን በከተማችን ታይዋን ወደሚባለው ገበያ ወርጄ፣ ካልሆነም ከማዕዘኑ ሱቅ ገዝቼ እመለስ ነበር። የዚህን አንድ ቀዳዳ ቅርጽ የመረጠ ሰው የስድስት ሳምንት ሥራዬን አብሮ እንደወሰነ ቢያውቅ ደስ ይለኛል። አሁን ቻርጀሩን በኃይል መቆጣጠሪያ በኩል ብቻ እሰካዋለሁ፤ ሊቲየም ባትሪ ሙሉ ሆኖ በሙቀት ውስጥ ሲቆይ ቶሎ ስለሚያረጅም ሌሊቱን ሙሉ መቆሚያው ላይ መተዉን ትቻለሁ።

ባትሪው በሥራ መካከል ሲያልቅ የሚሆነው ደግሞ የባሰ ነው። ፒፔቱ ኃይል ሲያጣ የፒስተኑን ቦታ ይረሳል፤ ሲበራ ቦታውን ለማወቅ ፒስተኑን እስከ ታች ነድቶ ቲፑ ውስጥ ያለውን ሁሉ ያስወጣል። ስድስት መቶ ማይክሮሊትር ኮንጁጌት እንዲህ ወደ ቆሻሻ ወርዶብኛል፤ ዋጋውን የከፈለ ሰው ያውቀዋል። የትኛው ጉድጓድ ላይ እንደነበርሁም አያስታውስም። ስለዚህ እያንዳንዱን ዓምድ ስንጨርስ በፕሌቱ ካርታ ላይ ምልክት እናደርጋለን፤ ከባትሪው ምልክት አንድ መስመር ብቻ ከቀረ አዲስ ፕሌት አንጀምርም።

አያያዙን በተመለከተ፣ ሞተሩና ባትሪው ከላይ በኩል ስላሉ ፒፔቱ ወደ ላይ ይከብዳል፤ ጣትን የሚደግፈው መንጠቆ በደንብ ስለተሠራ ግን እጅን ሳያጠብቁ ማንጠልጠል ይቻላል። ስክሪኑ በጓንት እጅ ሳይነካ በቁልፍ መሥራቱን ወድጄዋለሁ። ቲፕ ማስወገጃው ግን አሁንም በአውራ ጣት ግፊት የሚሠራ ነው። ሞተር የገባበት ዕቃ ከባዱን ግፊት ለጣት መተዉ አይገባኝም፤ የጅማቴ ሕመም በብዙ ቢቀንስም ሙሉ በሙሉ ያልተወኝ በዚህ የተነሣ ይመስለኛል። ቲፑን ጠበቅ አድርጎ የመውቃት ልማድም ችግሩን ያብሰዋል፤ ቀስ ብሎ አንድ ጊዜ መጫን ይበቃል።

ጽዳቱ ቀላል ነው። በየቀኑ በ70 በመቶ አልኮል ይጠረጋል፤ በረኪና የነካው እንደሆነ ወዲያው በተጣራ ውኃ መጠረግ አለበት። የቧንቧ ውኃ ግን ሊነካው አይገባም። የከተማችን ውኃ በካልሲየም የከበደ ስለሆነ፣ በጀበናና በማንቆርቆሪያ ላይ የምናውቀው ነጭ ደለል ቲፑ በሚሰካበት ጫፍ ላይ ቀጭን ሽፋን ሠርቶ በስምንተኛው ወር ቲፑ በወጉ እንዳይገጥም አድርጎ ነበር። ያወቅሁትም 1000 ማይክሮሊትር ስቤ ቀጥ አድርጌ 20 ሰከንድ ስይዘው ጫፉ ላይ ጠብታ ሲንጠለጠል ነው። ይህን የጠብታ ፈተና ሁልጊዜ ሰኞ ጠዋት እናደርጋለን። የውስጡን የጎማ ቀለበት በ12ኛው ወር ቀይሬ በአምራቹ ቅባት በስሱ ቀባሁት፤ ሥራው አሥር ደቂቃ አልወሰደም።

በሳምንት ጥቂት ናሙና ብቻ ለሚሠራ ላቦራቶሪ ይህን ዕቃ አልመክርም፤ ገንዘቡ ለደህና ሚዛንና ለሁለት መካኒካል ፒፔቶች ቢውል ይሻላል። በየሳምንቱ ፕሌት ለሚሠራ፣ በተለይም ፒፔቱ ከእጅ ወደ እጅ ለሚዘዋወርበት ቤት ግን ዋጋውን ይመልሳል። እኔም የድሮውን መካኒካል ፒፔት አስተካክዬና ፈትሼ ከጎኑ አቁሜዋለሁ፤ ባትሪው በአዲስነቱ በአንድ ቻርጅ ሁለት ቀን ይሠራ የነበረው አሁን አንድ ቀን ተኩል ላይ ደርሷልና። ሊቲየም ባትሪ ለብቻው በመንገደኞች አውሮፕላን ዕቃ ሆኖ እንዳይጫን እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ስለተከለከለ መለዋወጫው እንደ ጎማው ቀለበት በፖስታ አይመጣም። ካዘዝሁት አምስት ወር ሞልቶታል፤ እስካሁን አልደረሰም።